ጠበል የጠጣው ማሽን

ኦሮራ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለሮሆቦት፣ ለባሕር ኃይሏ እመቤት
ፊላደልፊያ

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና አክስትሽ ደህና ነን። ጉልበቴ ደህና አይደለም። እሱን ግን ከቤተሰብ አልቆጥረውም፤ ካኮረፈኝ ቆይቷል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፊደሎችሽ ከኮልፋክስ አውቶቡስ እንደወረዱ ሰካራሞች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ነው የቆሙት። በሰባት ዓመትሽ ከአገር ስትመጪ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝና ብዙ አልናገርም። "ለምን አይደውሉልኝም?" ብለሻል። ስልኩን ማን እንደሚያነሳው እያወቅሽ! አክስትሽ ጌጥነሽ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፍታ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እኔን የጠየቅሽኝን እሷ ትመልስልሻለች። ባለፈው ስለ ጤናዬ ስትጠይቂ "ደህና ነው፣ ትንሽ ይዋሻል እንጂ" ያለችሽ እሷ ናት። በወረቀት ይሻለናል።

ሥራሽን ለሰው ማስረዳት አቅቶኛል። "እንግልውድ ውስጥ ለጦር መርከብ መብራት የሚሰጥ ማሽን ይሠራሉ" ስለው ደምሰው ሳቀብኝ። "ባሕሩ የታለ? በቼሪ ክሪክ ጅረት ሊያወርዱት ነው?" አለኝ። ናፍጣ ይበላል፣ ግን አያቃጥለውም፤ አይጮህም፤ አያጨስም አልኩት። "እንዲህ ያለ እንግዳ ቢመጣልኝ እኔም ባስተናገድኩት" አለ። የዕድሩ ሊቀመንበር ስለሆነ እንግዳ ሁሉ የሚበላ ይመስለዋል።

ባለፈው መስከረም ድርጅታችሁ ቤተሰብ ጋብዞ ያስጎበኘን ጊዜ ትዝ ይልሻል? ከናፍጣው ድኙን የምታወጡበት ክፍል ውስጥ እንደ በሰበሰ እንቁላል ሲሸተኝ "ይህን እኮ እኔ ቤቴ በነፃ አመርተዋለሁ" ብዬሽ በሐፍረት ልትሞቺ ነበር። አለቃሽ ምን አሉ ብሎ ሲጠይቅሽ "በጣም ተደንቀዋል" ብለሽ ተረጎምሽ። ጎበዝ ውሸታም እንደሚወጣሽ ያኔ ነው ያወቅሁት።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። አዎ፣ ፍቅረየሱስን አየሁት። ማሽኑን ውሃ እየሞላ፣ እየጠበቀ የሚውለው ቴክኒሽያናችሁ የፒዮሪያ ስትሪት ጎረቤታችን ስለሆነ ሳላየው የምውልበት ቀን የለም። አንቺ እዚያ መርከቢቱ ዘንድ ቦታ ስታዘጋጂ፣ እዚህ የባሕር ኃይል እንግዶች ፊት ማሽኑ ታንቆ መቆሙን፣ በሳምንቱም ፍቅረየሱስ መባረሩን ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። "የተጣራውን ውሃ መሙላት ሰልችቶት ከቧንቧ ሞላው" ነው የሚባለው። እሱ በደረጃው ላይ አግኝቶኝ "አባባ፣ በልጄ እምላለሁ አላደረግሁትም" አለኝ። ጴንጤ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ መሐላ አይወድም። ማለ።

ለመሆኑ ውሃው ውስጥ ምን ተገኘ? ለምን እንደጠየቅሁ አትጠይቂኝ። የሰማንያ ዓመት ሰው ምክንያት ሳይሰጥ መጠየቅ ይፈቀድለታል።

አያትሽ ይመር

*

ፊላደልፊያ፣ ማርች 3 ቀን 2013

ውድ አባባ፣

እንደምን ነዎት? ጉልበትዎ ታርቆዎታል? ቶሎ ስላልጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ በየቀኑ ሚቲንግ ነው። ጽሕፈቴን አይሳቁብኝ፤ ይሄን ገጽ ሦስት ጊዜ ነው የገለበጥኩት።

ውሃው ለምን እንዳሳሰበዎት አልገባኝም፤ ግን እንደሚወዱት አድርጌ ላስረዳዎት። መርከቦቹ ወደብ ላይ ቆመው እንኳን ለመብራት ብቻ ትልልቅ ሞተር ያስነሳሉ። ነዳጅ ይባክናል፣ ድምፃቸውም ከሩቅ ይሰማል። ማሽናችን፣ ፊውል ሴል የሚባለው፣ በዚያው በመርከቡ ናፍጣ በዝምታ እንዲሠራ ነው የምንለፋው። ናፍጣውን ግን እንዳለ መብላት አይችልም። መጀመሪያ ድኙ ይወጣል፤ ከዚያ ከእንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ስስ የሸክላ ሳህኖች መሐል ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይወጣል። እንፋሎቱ የሚመጣበት ውሃ ከውሃነት በቀር ምንም ሊኖርበት አይገባም። እርስዎ የሚጠጡት የቧንቧ ውሃ ለእሱ ጭቃ ማለት ነው።

ታንከሩ ውስጥ የኖራና የብረት ዝቃጭ ተገኘ። ዝቃጩ እንፋሎት የሚያልፍበትን ቀጭን ቧንቧ ደፈነው። እንፋሎቱ ሲያንስ ናፍጣው ጥላሸት ሆነና ሳህኖቹ ውስጥ ገባ። ሲከፍቱት ፎቶ ላኩልኝ፤ የሁለት ዓመት ሥራችን ጥቁር ሊጥ ሆኖ፣ ሳህኖቹ እንደ ብስኩት ተሰባብረው። አባባ፣ ምሳዬን መብላት አልቻልኩም።

መለኪያው ያለው ከማጣሪያው በሚመጣው መስመር ላይ ነው። ሳይለካ ሊገባ የሚችለው በእጅ፣ በክዳኑ በኩል የተጨመረ ብቻ ነው። ክዳኑን የሚከፍተው ፍቅረየሱስ ነው። በስልክ ሚቲንግ ላይ "ከቧንቧ ውሃ የመጣ ሊሆን ይችላል?" ብለው ጠየቁኝ፤ "ይችላል" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ባሕር ኃይሉ በኦገስት አንድ ጊዜ ብቻ ደግመን እንድናሳይ ፈቅዷል። ከዚያ በኋላ የለም፤ ሥራው ይዘጋል።

አክስቴስ? አሁንም ማታ ማታ የእኛን ሕንፃ ነው የምታጸዳው? ይሳሙልኝ። አባባ፣ ለምንድነው የጠየቁኝ?

ሮሆቦት

*

ኦሮራ፣ ማርች 17 ቀን 2013

ሮሆቦት ልጄ፣

ሰላምታው ይቆየን፤ ሆዴ ደህና አይደለም። ምግብ አይደለም፤ ጾሙን ከገባን ሳምንት ሆኖናል። ሰው ነው ያልተስማማኝ።

የጠየቅሁሽ አክስትሽ አንድ ነገር ጣል አድርጋብኝ ስለነበር ነው። እንግዶቹ በመጡ ሰሞን "የሮሆቦትን ነገር ለጌታ ሰጥቼዋለሁ፣ የምችለውን አድርጌያለሁ" ብላ ፈገግ አለች። ጌጥነሽ ፈገግ ስትል አንድ ነገር እንደተሰበረ አውቃለሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ "ብረት" የምትለውን ሳነብ ከማብሰያው ጎን ያለውን ቢጫ ጀሪካን አየሁት። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣው ጠበል ነው። ቀላ ይላል፤ ምስማር ምስማር ይላል። ግማሹ የለም።

"የት ገባ?" አልኳት።

"ማሽኑ ጠጣው" አለችኝ፣ ሚስት እንዳገባ ልጅ እየተኩራራች።

እንዲህ ነው ያደረገችው። በእንግዶቹ ዋዜማ ባልዲዋንና መጥረጊያዋን ይዛ ስትገባ በዕቃዋ መሐል ጠበሉን ይዛለች። ክዳኑን ከፈተች፣ በስመ አብ ብላ ሦስት ጊዜ ጨመረች፣ መልሳ ዘጋች፣ ወለሉንም ወልውላ ወጣች። ክዳኑን ከየት አወቅሽው አልኳት። በጉብኝቱ ቀን አንቺው ነሽ እጇን ይዘሽ "አክስቴ፣ እንደ ሰው ነው፣ ውሃ ካልጠጣ ይሞታል፤ የሚጠጣው በዚህ ነው" ያልሻት። "ታዲያ የሚጠጣ ከሆነ የተባረከ ቢጠጣ ምን አለበት?" አለችኝ። ማሽኑ የታነቀው በእሷ እንደሆነም አታውቅም። ፍቅረየሱስ በቧንቧ ውሃ እንዳበላሸው ሰምታ፣ ጠበሏን በከንቱ ያስቀረባት እሱ እንደሆነ አምናለች። እኔም ነገሩን ለብቻዬ ይዤ ወጣሁ።

ምክር ብዬ ደምሰው ቤት ሄድኩ። ደምሰው ሁለት ሽማግሌዎች ጠርቶ ጠበቀኝ። ሚስቱ ትርፌ ብስኩት አቀረበች። አሁን የማወራልሽን ልብ ብለሽ ስሚ። ደምሰው መነጽሩን አደረገና የብስኩቱን ካርቶን ማንበብ ጀመረ።

"ዌይ የሚባል አለበት። እሱ ወተት ነው። አንሺው ትርፌ፣ ጾም ልታስገድፊን ነው?"

"ውይ በሞትኩት! ምን አውቄ!"

ካርቶኑ ተነሳ። ለውዝ መጣ። ለውዙም ምን ዘይት እንደነካው ተመረመረ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ለውዙን እየቆረጠሙ ስለ ፍቅረየሱስ ተነጋገሩ።

"ዝም ነው የሚሻለው" አለ ደምሰው። "ጌጥነሽ ሥራዋን ታጣለች፣ ሮሆቦትም ስሟ ይነሳል።"

"ሰውዬው ተባርሯል እኮ" አልኩ።

"ወጣት ነው፣ ሌላ ያገኛል። ደግሞም..."

"ደግሞም ምን?"

"የእኛ ሰው አይደለም፤ ጴንጤ ነው። የራሳቸው ቸርች አላቸው፤ እነሱ ይርዱት።"

"ጠበል ያልነካ ሰው በጠበል ሲባረር ቸርቹ ምን ብሎ ይርዳው?"

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ልማዴ ስለሆነ አልፈርድበትም። ደምሰው ግን ኮስተር ብሎ "አቶ ይመር፣ ለጠበሉ ክብር ስንል ነው። ፈረንጅ ቢሰማ ይሳለቅበታል" አለ። በጥርሱ መሐል የለውዝ ልጣጭ ተሰክቶ ነበር፤ በምላሱ ሲያባርረው አየሁት። ተነስቼ ወጣሁ፤ ከደጃቸው ካለው ቁጥቋጦ ሥር ተፋሁ። ጠበሉን አልተጸየፍኩም ልጄ፣ በሱ ነው ያደግሁት። ወተቷን ፍለጋ እንዲያ የተጨነቁ ዓይኖች ሰውዬውን ሳያዩት ማለፋቸው ነው አንጀቴን የገለበጠው።

ለአለቃሽ መንገር ያንቺ ነው። ቋንቋውም ማሽኑም ያንቺ። እጠብቅሻለሁ።

አያትሽ ይመር

*

ኦሮራ፣ ማርች 31 ቀን 2013

ሮሆቦት፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ፊደሎችሽ በዚህኛው ቀጥ ብለዋል። እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ ነው የጻፍሽው ማለት ነው፤ እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

"እስከ ኦገስት ብቻ ዝም ይበሉልኝ" ብለሻል። "ማሽኑ ከሠራ በኋላ እኔ ራሴ ለፍቅረየሱስ ጥሩ ሥራ እፈልግለታለሁ" ብለሻል። "አክስቴን ወደዚያ ሕንፃ ያስገባኋት እኔ ስለሆንኩ እኔንም ያስወጡኛል" ብለሻል። "ይሄን ደብዳቤ ያቃጥሉት" ያልሽውን ግን አላደረግሁም። ጭስ አልወድም፤ አንቺም ጭስ ለማስቀረት ነው የምትሠሪው አሉ።

ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ያስወጡሽ ይሆናል። እኔ ግን ሳነብ የደምሰው ድምፅ ነው የሰማሁት፤ ለውዙ ነው የሸተተኝ። እኔ እኮ በልቤ ስወቅሰው "ልጄ ብትሰማ ታፍርበታለች" እያልኩ ነበር። አንዲት ቅንጣት ድኝ ሳህኖቹን ትመርዛለች ብለሽ ማጣሪያ ላይ ማጣሪያ ትደረድሪያለሽ። አንቺ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ያልፋል?

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ፍቅረየሱስ አሁን የሰው ዕቃ ይጭናል፤ ወገቡን ይዞ ነው የሚመጣው። የቀድሞ አለቃው "ግዴለሽ ነው" ስለሚልበት ቴክኒሽያን አድርጎ የሚቀጥረው አጣ። ሚስቱ ኤልዳና እንግልውድ ያለው የአዛውንት ማረፊያ ውስጥ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት በረዶ ጣለ። ጠዋት ስነሳ ደጃችን ተጠርጓል። በመስኮት ሳይ ፍቅረየሱስ ነው፤ ሁልጊዜም "ለአባባ" ብሎ ይጠርግልን አልነበር? ከተባረረም በኋላ አልተወም። አክስትሽ ከኋላዬ መጥታ "ጥፋቱን ስለሚያውቅ ሊክስ ነው" አለችኝ። እኔ ያን የተጠረገ መንገድ ረግጬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሮሆቦት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫማዬን እጸየፈዋለሁ።

ትንሽ ቀን እሰጥሻለሁ። ካልተናገርሽ ለጌጥነሽ እነግራታለሁ። ከዚያ ያለውን እግዜር ያውቃል፤ ጌጥነሽን ግን አንቺም ታውቂያታለሽ።

ይመር

*

ፊላደልፊያ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2013

አባባ፣

እባክዎ ለአክስቴ እንዳይነግሯት። እናትና አባቴ ሥራ ለሥራ ሲሮጡ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጸጉሬን የሠራችኝ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት። በእኔ ምክንያት እንዳበላሸችው ብታውቅ ልቧ ይሰበራል። ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ይመኑኝ።

ግን የጠየቁኝን አንድ ነገር መልሼ አልጻፍኩልዎትም። "ከመጀመሪያው ጠርጥረሽ ነበር?" ብለው ከደብዳቤው ጠርዝ ላይ ጽፈውብኝ ነበር። አዎ። ፎቶውን ሳይ ዝቃጩ ቀይ ነበር። የእንግልውድም የኦሮራም ቧንቧ ውሃ እንደዚያ ብረት የለውም። ተማሪ እያለሁ ለክቼዋለሁ። አክስቴን አላሰብኩም፤ ጠበሉንም አላሰብኩም። የቧንቧ ውሃ አለመሆኑን ግን አውቅ ነበር። ሲጠይቁኝ "ይችላል" አልኩ። ሁሉም ሚቲንጉ እንዲያልቅ ፈልገው ነበር፤ እኔም ፈለግሁ። ያን ቀን ፒዛ ታዞ ነበር፤ ከቃሌ በኋላ ሁለት ቁራሽ በላሁ።

አሁን ማሽኑን ሳስብ ደስ አይለኝም። ግን ልናገር ብዬ ስልኩን ሳነሳ እጄ ያስቀምጠዋል።

ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።

ሮሆቦት

*

ኦሮራ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2013

ሮሆቦት ልጄ፣

ጊዜ ሰጠሁሽ፤ ያንቺ ደብዳቤ ግን አልመጣም። ቅዳሜ ለጌጥነሽ ነገርኳት።

ልቧ ይሰበራል ብለሽ ነበር። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። አላለቀሰችም። "ፍቅረየሱስ ያውቃል?" አለችኝ። አያውቅም አልኩ። "ሮሆቦትስ?" አለችኝ። እኔ፣ ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው ሰውዬ፣ ጉልበቴን ማሸት ጀመርኩ። ዓይኔን አይታ "ገባኝ" አለች። ከዚያ ተነስታ ምስር መልቀም ቀጠለች፤ ግን ድንጋዩን ከምስሩ ጋር ስትቀላቅለው አየኋት።

ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ፣ ጀሪካኑን ታቅፋ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ተነስ፣ ታስተረጉምልኛለህ።"

"ከአለቃ ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ያስፈልጋል።"

"ማሽኑን ያጠጣሁት በቀጠሮ ነው?"

መኪናውን አስነሳሁ። እንግልውድ ስንደርስ ያ ረጅሙ አለቃሽ ደነገጠ፤ በሥራ ሰዓት አይቷት አያውቅም። የጽዳት ሠራተኛዋ ሽማግሌ አባቷንና ጀሪካን ይዛ ስትመጣ ስጦታ መስሎት በሁለት እጁ ተቀበላት። በቡና ኩባያው ውስጥ ቀዳችለት። ሊጠጣ ከንፈሩ ላይ አደረሰው።

"ኖ! ኖ ዩ ድሪንክ! ማሽን ድሪንክ!" ብላ ጮኸች።

ሰውዬው ኩባያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ቀይ ዝቃጩ ከሥር ሲረጋ አየው፤ መሐንዲስ ነው፤ እኔ ከመተርጎሜ በፊት ፊቱ አመድ መሰለ። ቀጥዬ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። ጠበል ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደጨመረችው፣ ፍቅረየሱስ እንደሌለበት። ደምሰው እንደፈራው አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ያዘ። "ሰውዬውን ግዴለሽ ብዬ ለሦስት ድርጅት ነግሬበታለሁ" አለ። ሲለው ከንፈሩን በእጁ ጠረገ፤ ውሃውን ይሁን ቃሉን አላውቅም።

ከዚያ ጠየቀ። "ክዳኑን ማን አሳየሽ?"

ጌጥነሽ እኔን ሳታይ መለሰች። "ማንም። ዓይን አለኝ።"

አየሽ ልጄ፣ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። "ኖባዲ" አልኩ። በጾም፣ ጠበሉን ፊቴ አስቀምጬ፣ ለአንቺ ብዬ። አለቃሽም ጻፈው። በሕይወቴ ብዙ የቀልድ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ ይኼኛው አፌ ውስጥ እንደ ድኛችሁ ሸተተኝ። በመንገድ ላይ መስኮቱን ከፍቼ ነዳሁ፤ ጌጥነሽ በረዳት፤ አልዘጋሁትም።

እሷን እዚያው አሰናበቷት። ባጇን ስትመልስ ማንጠልጠያውን አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠች፤ እንግዳ ቤት እንደነበረች።

ያን "ኖባዲ" ከአፌ የምታወጪልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

አያትሽ

*

ፊላደልፊያ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2013

አባባ፣

ተናገርኩ።

ትናንት አይደለም፤ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን፣ ኮቴን ሳላወልቅ። ክዳኑን ያሳየኋት እኔ እንደሆንኩ ለአለቃዬ ነገርኩት። ዝቃጩን አይቼ የቧንቧ ውሃ አለመሆኑን እያወቅሁ "ይችላል" እንዳልኩም ነገርኩት። ስለ ክዳኑ አልወቀሰኝም፤ "እኔም ለማንም አሳይ ነበር" አለ። ስለ "ይችላል" ግን አላለፈኝም። "አንቺ 'አላውቅም' ብትይ ኖሮ አላባርረውም ነበር" አለኝ።

ከመርከቡ ቡድን አውጥተውኛል። ኦገስት ላይ ማሽኑ ሲነሳ እዚያ አልሆንም። ሌላ ሰው በእኔ ወንበር ይቀመጣል። ሥራዬን ሙሉ በሙሉ ያጣሁ አይመስለኝም፤ ግን ማንም ምሳ ሲሄድ አይጠራኝም። ለፍቅረየሱስ ደውለው ይቅርታ ጠይቀውታል፤ ተመለስ ብለውታል። እኔም ደወልኩለት። ድምፄን ሲሰማ ዘጋው።

አባባ፣ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አሁንም ያቅለሸልሸኛል። ይሄ መቼ ነው የሚለቀው?

አክስቴን ምን ልበላት? ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቲኬት ቆርጫለሁ። ኤርፖርት ይመጣሉ?

ሮሆቦት

*

ኦሮራ፣ ሜይ 8 ቀን 2013

ሮሆቦት ልጄ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በዓሉ ጸጥ ያለ ነበር። ደምሰውና ትርፌ አልመጡም፤ "የሰፈሩን ገመና ለፈረንጅ አወጣህ" ብለው አኩርፈዋል። ዶሮው ተረፈን። ደምሰው ሳይኖር አሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ ድስት እንዳለን አላውቅም ነበር።

መቼ ይለቃል ብለሻል። እኔ እንጃ። እኔን አልለቀቀኝም። ያን "ኖባዲ" አነሳሽልኝ፤ አፌ ቀለል ብሎኛል፤ ምግብ ግን ገና አይጣፍጠኝም። ምናልባት ቶሎ እንዲለቅሽ ባትፈልጊ ይሻልሻል። ደምሰውን ወዲያው ነው የለቀቀው፤ ምን እንደሚመስል አይተሽዋል።

ጌጥነሽ በአዛውንት ማረፊያ ልብስ አጠባ አመልክታለች፤ የኤልዳና ሳይሆን ሌላው ጋ፤ "ፊቷን አይቼ መሥራት አልችልም" ብላ። ለአንቺ የምትለውን ጠየቅኋት። "ጸጉሯን እንዳትቆረጥ ንገራት፤ ስትመጣ እሠራታለሁ" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ልትቆጣሽ የምትችለው እጇ ጸጉርሽ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያምሻል፤ ቻይው።

ከትናንት በስቲያ ፍቅረየሱስ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሥራውን ጀምሯል። በሩን ከፈተ፤ ኤልዳና ልጁን ታቅፋ ከኋላው ቆማለች። ግቡ አላሉንም። ጌጥነሽ ደጃፉ ላይ ሁሉንም ተናገረች፤ ምንም አላስቀረችም፤ በመስኮት ሆና ያለችውንም ጭምር። እሱ ወለሉን እያየ ሰማ። "ሰማሁ" አለ። በሩን ዘጋው። ሳያንገጫግጭ፣ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ለስድቡ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

ይቅር ይለናል ወይ እንዳትዪኝ። የእሱ ነው፤ እንደፈለገ ያድርገው።

ኤርፖርት እመጣለሁ። ሻንጣሽን አንቺ ትሸከሚዋለሽ፤ እኔ ማዘዝ ነው የሚያምርብኝ። ግን በቀጥታ ወደ ቤት አንሄድም፤ ጌጥነሽም ታውቃለች፤ ምሳውን አታሞቀውም። መጀመሪያ በእነሱ ደጅ ነው የምትወርጂው። ብቻሽን ትወጪያለሽ፤ ለዚህ አስተርጓሚ የለሽም። ስታንኳኪ ላይከፍቱልሽ ይችላሉ። ቶሎ አትመለሺ፤ እንደገና አንኳኪ፤ ከዚያም ቁሚ። እኔ መንገዱ ዳር መኪናው ውስጥ ነኝ። ማታም ቢሆን እዚያው ነኝ።

አያትሽ ይመር